«ደርሷል» ያለው ማን ነው

ለትልቋ እህቴ፣ ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን አለሽልኝ እትዬ? ራስ ምታቱ ተሻለሽ? የልጅሽ የትንሿስ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ከእንቅልፍሽ እያስነሳ ያስቀምጥሻል? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልልም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉልበቴም ዓይኔም አብረውኝ ናቸው። የጎደለኝ ሰላም ነው፤ እሱንም ለአንቺ ጽፌ ብገላገል ይሻለኛል ብዬ ወረቀት ይዣለሁ።

በስልክ ብነግርሽ በቀለለኝ። ግን እንደምታውቂው ስልክሽን የሚያነሳው ባለቤትሽ ነው። «ጎኔ ናት፣ ቆዪ ላገናኝሽ» ይልና ድምፅ ማጉያው ላይ ያደርገናል፤ ከዚያ ሦስታችንም ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ አውርተን እንሰነባበታለን። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለፀጉር ሠሪሽ ሰጠኋት። ካስኩ ሥር ተቀምጠሽ አንብቢው። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ዓይኗ ቢቀላ ማንም አይጠይቃትም፤ ሙቀቱ ነው ይባላል። ስትጨርሺ ለእሷው መልሺላት እንጂ ቤት ይዘሽው አትግቢ።

አጻጻፌን ደግሞ ታገሽልኝ። አንቺ የሰዋስው መምህርት ነበርሽ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር የምነጋገር ሰው ነኝ። ቀይ እስክሪብቶሽን ለዛሬ ብቻ አሳርፊልኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ባለቤትሽ ነው። ኩባንያው ውስጥ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ ያንን አልክድም። «ከፋም ለማም የእህቴ ባል ነው» እያልኩ ብዙ ነገር ዋጥኩ። ግን እትዬ፣ የዋጡት ሁሉ ሆድ ውስጥ አይረጋም። ሰሞኑን የቢሮውን በር ሳልፍ ያቅለሸልሸኝ ነበር። መጀመሪያ የበላሁት ምግብ ነው አልኩ። ኋላ ሳስተውለው ሽታ ነው፤ ያ ሁልጊዜ አፉ ውስጥ የሚያንከባልለው የናና ከረሜላ። እሱ ከሊፍቱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳን ሽታው ይቆያል፤ አብሮሽ ይወጣል፣ አብሮሽ ይወርዳል።

ቢሮ ውስጥ «ራዕይ» ነው የምንለው። በስሙ ስለማይጠራ ሳይሆን፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ በሁለቱ ውስጥ ራዕይ የምትባል ቃል ስለማትጠፋ ነው። «ራዕይ መጣ፣ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ» እንባባላለን። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «እዚህ ሠራተኛ የለም፤ ያለው ቤተሰብ ነው» ብሎ አስጽፏል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ለስላሳ ወንበር አለ። የሚባረር ሰው ሁሉ መባረሩ የሚነገረው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ሥራችን ምን እንደሆነ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ የታመመውን ሕፃን ትመዝንና ክብደቱን ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች፤ የእኛ ፕሮግራም የመድኃኒቱን ልክ አስልቶ ይነግራታል። ነገሩ ይኸው ነው። ትክክል ሲሆን የሚያመሰግነው የለም፤ ሲሳሳት ግን ሰው ይጎዳል።

ይህን ፕሮግራም ከመሠረቱ የጻፉት ጋሽ ሰረዝ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጠፍታባቸው ሲያስሷት ውለው፣ ሲያገኟት ወንበራቸው ላይ ወጥተው አጨበጨቡ፤ ቅጽል ስሙ ያኔ ወጣ። መልአክ አድርጌ ልሥላቸው አልፈልግም። ግልፍተኛ ናቸው፣ ያንኑ ቀልድ ደጋግመው ያወራሉ፣ የሰው ኮድ ሲያዩ «ይህን የጻፍከው በእግርህ ነው?» ይላሉ። እኔንም ብለውኛል። ግን የማያውቁትን ነገር አላውቅም ለማለት አያፍሩም፤ እኛ ቤት ይህ ብርቅ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ክርክራችን ስለ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ሌላው ሰው በኳስ ቡድን እንደሚጣላ እኛ በዚህ እንጣላለን። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ፣ መነጽሩ የምንለው፣ የአዲሱ ቋንቋ አፍቃሪ ነው። አሮጌው ቋንቋ እንደ መንግሥት ቢሮ ነው ይላል፤ አንዲትን ቁጥር ከዚህ ወደዚያ ለማሻገር ሦስት ማኅተም ይጠይቅሃል፤ አዲሱ ግን ጓደኛ ነው፣ ግማሹን ስትነግረው ግማሹን ራሱ ይረዳልሃል። ጋሽ ሰረዝ አፋቸውን ጠረጉና፣ ግማሹን የሚገምት ጓደኛ ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ መድኃኒት ቤት ግን አልቀጥረውም አሉት። መነጽሩም አልተበገረም፤ እርስዎ አሮጌውን የሚወዱት አብራችሁ ስላረጃችሁ ነው አላቸው። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። የሚገርምሽ፣ አዲሱን ቋንቋ አይጠሉትም። ለልጅ ልጃቸው የመኪና ጨዋታ የሠሩለት በእሱ ነው። ቋንቋ ነውር የለውም፣ ነውር ያለው አፉን የሚከፍተው ሰው ነው ይሉን ነበር።

ልዩነቱን በአንቺ ሙያ ላስረዳሽ። አሮጌው ቋንቋ ልክ እንደ አንቺ ነው። ተማሪ «እናቴ መጣ» ብሎ ቢጽፍ አታሳልፊውም። አሮጌውም ኪሎንና ፓውንድን እንደ ተባዕትና አንስታይ ይለያቸዋል፤ ስታደባልቂያቸው ሥራውን አቁሞ ይጮኻል። አዲሱ ቸር ነው፤ ምን ለማለት እንደፈለግሽ ገብቶኛል ብሎ ያሳልፍሻል። ለእሱ ቁጥር ቁጥር ነው። ስለዚህ ዘበኛውን አንቺ ራስሽ በእጅሽ ሠርተሽ በየበሩ ማቆም አለብሽ። ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ታዲያ ባለቤትሽ ከአንድ የኩባንያ መሪዎች ጉባኤ ተመለሰ። ለአንቺ ያን ግራጫ ሻርፕ ይዞ የመጣ ጊዜ ነው። ሰበሰበንና እጁን አጨበጨበ፤ ስብሰባ የሚጀምረው ሁልጊዜ ለራሱ አጨብጭቦ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በአሮጌ ቋንቋ የሚሠራ ኩባንያ የእኔ ብቻ ነበር፣ አፈርኩ አለን። እሱ በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። ገንዘብ የሚያቀርቡልን ባለሀብቶች ለጉብኝት ከመምጣታቸው በፊት ሁሉም ነገር ወደ አዲሱ ቋንቋ እንዲገለበጥ አዘዘ። ጋሽ ሰረዝ ተነሥተው፣ ቋንቋውን አልቃወምም፣ የምቃወመው ጥድፊያውን ነው አሉ። እሱም ፈገግ ብሎ፣ እርስዎ የዚህ ቤት ምሰሶ ነዎት ጋሼ፣ ምሰሶ ግን አይራመድም አላቸው። ሰው ሳቀ። ያንን ፈገግታ ታውቂዋለሽ፤ ጥርሱ ይታያል እንጂ ዓይኑ አይንቀሳቀስም።

ገለበጥነው። መነጽሩ በደስታ፣ እኔ በጥርጣሬ፣ ጋሽ ሰረዝ እያጉረመረሙ። እውነት ለመናገር አዲሱ ቋንቋ ያምራል፤ አሮጌው በአንድ ገጽ የሚያንዛዛውን በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል። ክፉ ሥራ አልሠራንም። ያልተጨረሰ ሥራ ነው የሠራነው፤ ያልተጨረሰ መሆኑንም ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከአዲሱ ፕሮግራም ምረቃ በፊት በነበረው የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ባለቤትሽ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይህን ልብ ብለሽ አንብቢልኝ እትዬ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ሰረዝ እንዲህ አሉ፦ «አልደረሰም። የክብደቱ ክፍል አልተፈተሸም። ሚዛናቸው በፓውንድ የሚቆጥር ክሊኒኮች አሉ። እስኪፈተሽ ድረስ ለእነሱ አይላክ።» እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ፤ መነጽሩ ከጎኔ። ባለቤትሽ ሰዓቱን አየና፣ ጥሩ፣ ስጋትዎን ሰምቼአለሁ፣ እንቀጥል አለ። ለሁሉም ክሊኒኮች ተላከ።

ምረቃው ያማረ ነበር። ፊኛ ተሰቀለ፤ «ራዕይ በተግባር» የሚል ካናቴራ ታደለን። አንቺም ያን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ ከፊት ተቀምጠሽ ነበር። ንግግሩን ሲጨርስ መጀመሪያ ያጨበጨብሽው አንቺ ነሽ። አልወቅስሽም። ዞር ብሎ እስኪያይሽ ድረስ እጅሽ ጭንሽ ላይ እንደነበረ አይቼአለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ከከተማው ዳር ካለች አንዲት ክሊኒክ ተደወለ። ዕድሜዋ ከትንሿ ጋር የሚቀራረብ ልጅ ጽኑ ኢንፌክሽን ይዟት ገብታ ነበር። ሚዛኑ በፓውንድ ይቆጥራል፤ አንድ ኪሎ ከሁለት ፓውንድ በላይ ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ግን ቁጥሩን ኪሎ ነው ብሎ ተቀበለው። ስለዚህ የተሰጣት መድኃኒት ከሚገባት ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ እስክትድን ድረስ በየቀኑ። ነርሷ በዝቶባት ተጠራጥራ ቁጥሩን ደግማ አስገብታ ነበር። ማሽኑ ያንኑ ደገመላት። መድኃኒቱ ሲበዛ ጆሮ የሚያደነቁር ዓይነት ነው።

ፕሮግራሙን ከክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ እንዳነሣ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ሥራዬን ጨርሼ በመተላለፊያው ስወጣ ልጅቷን አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የጠርሙስ ክዳኖች ትደረድራለች። እናቷ አግዳሚው ላይ ሆና በቁልምጫ ስሟ ጠራቻት። አልዞረችም። ከፍ አድርጋ ጠራቻት። አልዞረችም። እናትየዋ እኔን ቀና ብላ አየችኝና፣ እንግዳ ፊት ልጇ ያስቀየመች ይመስል በይቅርታ ፈገግ ብላ፣ «ጨዋታ ላይ ስትሆን እንዲህ ናት፣ ሰው አትሰማም» አለችኝ። ሐኪሙ ገና አልነገራትም ነበር። ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ማን መሆኔን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ቢሮ ስመለስ ስብሰባ ላይ ደረስኩ። ስለ ልጅቷ የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር። የሚነጋገሩት ስለ ቃል ነው። ለጋዜጠኞች የሚሰጠው መግለጫ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ «በአንዲት ልጅ ላይ ጉዳት ደርሷል» ብላ ጽፋለች። ባለቤትሽ ከረሜላውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዛወረ፣ ልጅ የሚለው ቃል ስሜት ያስነሳል አለ። ታካሚ ተባለ። ታካሚም ሆድ ያባባል ተብሎ ተጠቃሚ ሆነ። ጉዳት የሚለው ደግሞ ጎጂ ይፈልጋል ተብሎ ክስተት ሆነ። መጨረሻ ላይ የቀረው «አንድ ተጠቃሚን የተመለከተ ክስተት ተስተውሏል» የሚል ነበር። ያስተዋለው ማን እንደሆነ እንኳን የለበትም። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ፈሪ የሚደበቅበት ቁም ሣጥን ነው ትያቸው ነበር ተማሪዎችሽን። የዚያን ዕለት ቀይ እስክሪብቶሽን ተመኘሁ። ባለቤትሽ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሁለቴ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ንጹሕ ነው አለ። ንጹሕ አለው እትዬ። እኔ ከዚያች እናት አጠገብ ተነሥቼ መምጣቴ ነው።

ከዚያ ወደ ጋሽ ሰረዝ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ነህ ደርሷል ያልከኝ» አላቸው።

አንተ ሲል ሰማሽው? እስካለፈው ስብሰባ ድረስ እርስዎ ነበሩ።

ጋሽ ሰረዝ ደነገጡ፤ ኧረ እኔ አላልኩም አሉ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለ ነበር። ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ፣ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ፣ በሽተኛ እንደሚያባብል ሐኪም፣ «አይዞህ፣ ማንም አይፈርድብህም። ግን ትረሳለህ። ዕድሜ ነው፣ ድካም ነው። ባለፈውም ስብሰባ ረስተህ እኔ ሸፍኜልሃለሁ። ይህንንም አብረን እናልፈዋለን» አላቸው። ስብሰባ የረሱበትን ቀን እኔ አላውቅም። እሳቸው ግን ዙሪያውን አዩ። ሁሉም የራሱን ጣት ያያል። ያ ግልፍተኛ ሰውዬ፣ «በእግርህ ነው የጻፍከው» የሚሉት፣ የሹራባቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ «ምናልባት… ብዬ ይሆናል» አሉ።

ያኔ ነው ከስብሰባው ተነሥቼ የወጣሁት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ፊቴን ታጥቤ መስታወት ሳይ እንኳን ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የማውቀው ግን ከቢሮ አይደለም። «አይዞሽ፣ ትረሺያለሽ።» የማውቀው ከእናንተ የምግብ ጠረጴዛ ነው። ጨው በዛ ሲልሽ፤ ቁልፉን የት ጣልሽው ሲልሽ፤ እንግዳ መምጣቱን ነግሬሽ ነበር ሲልሽ። አንቺም እየሳቅሽ፣ አዎ፣ ሳልረሳ አልቀረሁም ትያለሽ። አንቺ፣ የአንድ ክፍል ተማሪ ስም ከነአባቱ በቃልሽ የምትጠሪው።

በማግስቱ ብቻዬን ጠራኝና ያን ለስላሳ ወንበር አሳየኝ። ከጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መርማሪዎች እንደሚመጡ፣ ሁላችንም አንድ ቃል መናገር እንዳለብን ነገረኝ። አንቺማ ከሁሉም በላይ ቤተሰብ ነሽ አለኝ። እኔ የሰማሁትን ነው የምናገረው አልኩት። አላመነታም፤ ያንኑ ድምፅ አወጣ። እህትሽ ጭንቀት እንደማትችል ታውቂያለሽ፣ ነገር ከበዛ ይብስባታል፣ አንቺ አታዪም እንጂ ስንቱን እኔ ነኝ የምሸፍንላት አለኝ። ምሳሌም አመጣልኝ። ለትንሿ ጫማ ልትገዙ የወጣችሁ ቀን ምድጃውን እንደለኮሰች ነው ትታው የሄደችው፣ እኔ ባልደርስ ቤቱ ዓመድ ይሆን ነበር፣ ለዚህ እኮ ነው ማስተማሩን ይቅርብሽ ያልኳት፣ የሰው ልጅ እንዴት አደራ ይሰጣታል አለኝ።

እትዬ፣ የዚያን ቀን ከቤት ስንወጣ ቦርሳዬን ያነሣሁት ከምድጃው ላይ ነው። ያቺን የጨርቅ ቦርሳ። ምድጃው ጠፍቶ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቁርስ የበላነው ዳቦና ወተት ነው፤ ከነጭራሹ የለኮሰው የለም። ከእኛ በኋላ ቤት የቀረው ማን እንደነበር አንቺው ታውቂያለሽ። ማስተማሩን ስትተዪ ግን ለእኔ የነገርሽኝ «አሁን አሁን እረሳለሁ» ብለሽ ብቻ ነበር፤ እሱንም በድምፅ ማጉያው። ምን ረሳሽ እንደተባልሽ ያወቅሁት ከዚያ ወንበር ላይ ነው።

ቆሻሻ ላይ የተቀመጥኩ ይመስል ቀሚሴን አራግፌ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሰረዝ ቤት ሄድኩ። በር የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ከመጡ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚደጋግሙት አሉኝ። ጋሽ ሰረዝ ጠባቧ ሳሎን ውስጥ፣ የልጅ ልጃቸው የመኪና ጨዋታ ፊታቸው ተከፍቶ፣ ሳይጫወቱ ተቀምጠዋል። መኪናዋ ግድግዳ ላይ ተጋጭታ ቆማለች። ቀና ብለው አዩኝና፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ደርሷል ብያለሁ?» አሉኝ።

አላሉም አልኳቸው። ያሉትን ቃል በቃል ደገምኩላቸው። አልደረሰም፤ የክብደቱ ክፍል አልተፈተሸም፤ ሚዛናቸው በፓውንድ የሚቆጥር ክሊኒኮች አሉ። ስናገር ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ስጨርስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንዲህ ግን አላየሁም። የተሰረቀበትን ራሱን መልሰው እንደሰጡት ሰው ነው ያለቀሱት። ባለቤታቸው ከኋላ ቆመው፣ እኔም ከመጡ ጀምሮ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አይረሱም ነበር የምላቸው፣ የሚስት ምስክርነት አይቆጠርም ብለው እንጂ አሉ። ጋሽ ሰረዝም ዓይናቸውን ጠርገው፣ ለዚያች ልጅ ሲሉ ከእንግዲህ እንደማይንበረከኩ፣ ራሳቸውም ሄደው እንደሚናገሩ ነገሩኝ። ከዚያ ንዴታቸው ተመለሰና መግለጫውን በእጄ ካለው ስልክ ላይ አንብበው፣ «ይህንንም የጻፈው በእግሩ ነው» አሉ። ደስ አለኝ።

ትናንት ለመርማሪዎቹ ቃሌን ሰጠሁ። ከመግባቴ በፊት መነጽሩን መተላለፊያው ላይ አገኘሁት፤ የዓይኑን መነጽር እያወለቀ ይወለውላል፣ ያደርጋል፣ መልሶ ያወልቃል። ምን ልትዪ ነው አለኝ። የሰማሁትን አልኩት። እኔ እኮ ቋንቋውን ከመውደዴ የተነሣ ነው የቸኮልኩት አለኝ። ቋንቋውን ማንም አልከሰሰውም አልኩት። ስወጣ ተነሥቶ ገባ። ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ ግን ረዥም ሰዓት ቆየ።

ፕሮግራሙ ከክሊኒኮቹ ሁሉ እንዲነሣ ታዟል። ከዚያ በላይ የሚሆነውን ገና አላውቅም። ባለቤትሽ እስካሁን ወንበሩ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ስለ አመራር ሲጠየቅ ሰማሁት፤ መሪ ማለት ኃላፊነትን የሚሸከም ሰው ነው አለ፣ ጠያቂዋም ግሩም ነው አለችው። ዘጋሁትና ሄጄ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ከመጸየፍ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። የልጅቷ እናት አሁን ነገሩን አውቃለች። ነርሷ እንደነገረችኝ፣ ልጇን ከኋላ መጥራት ትታለች፤ ዞራ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቁጭ ትላለች።

እኔ ሥራውን ለቅቄአለሁ። ካናቴራውንም በዚያው ለስላሳ ወንበር ላይ ትቼለት መጣሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስለ ትዳርሽ አንድ ቃል አልጽፍም፤ ታናሽሽ ነኝ፣ ድንበሬን አውቃለሁ። ስለ ራሴ ቤት መጻፍ ግን ማንም አይከለክለኝም። ያቺን አሮጌ ኮምፒውተሮች ያከማቸሁባትን ክፍል ባዶ አድርጌ አጸዳኋት። ስትጸዳ ለካ ሰፊ ናት። መስኮቷ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ጎረቤቴ የልጅ አልጋ አውሳኛለች፤ አንሶላው ላይ ጥንቸሎች አሉበት፣ ትንሿ ትስቃለች። ስልክ ቢደወል የማነሳው እኔ ነኝ። ሥራ ስለሌለኝም ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፤ በሩን አልቆልፍም።

ትንሿን ከትምህርት ቤት ስታወጪ፣ ከአጥሩ በር ወደ ግራ ሲታጠፉ የእናንተ ቤት ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ደግሞ የእኔ ቤት ቅርብ ነው፤ ለልጅ እግር እንኳን አይደክምም። ሻንጣ አያስፈልግም። የደብተር ቦርሳዋ ይበቃል።

ፈጣሪ ከራስሽም ከሰውም አይለይሽ። ያየሽውን ዓይንሽን፣ የሰማሽውን ጆሮሽን፣ የምታውቂውንም ልብሽን ያጽናልሽ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃት አንገቷን ሸፍነሽ አምጪያት።

የዚያን ቀን አብራሽ የወጣችው
ታናሽ እህትሽ